ለመንገዱ ሁሉ ዋስ የሆኑት ፉንዲ

የጋሽ መርዕድን ሞት የነገረችኝ ሐበሻ አይደለችም፤ አቺየንግ ናት። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስጠብቅ አይታኝ፣ መንገድ ዳር ያነጠፈችውን ሰልባጅ ልብስ እንዳለ ትታ መጣች። ሰላም ሳትለኝ እጄን ያዘችና «ፉንዲ ሞቱ» አለችኝ በስዋሂሊ።

ያረፉት አዲስ አበባ፣ ልጃቸው ቤት ነው። ከተቀበሩ ሰነባብተዋል። እኛ የናይሮቢ ሐበሾች አልሰማንም፤ የሚነግረን ሰው አልነበረም። የዕድሜያቸውን እኩሌታ ከእኛ ጋር ኖረዋል፤ ሰርጋችንን በልተዋል፣ ለቅሷችንን ደርሰዋል። ሲሞቱ ግን ልጃቸው ስልካቸውን ከፍታ ብታይ፣ አባቷ ናይሮቢ የሚደውሉላት አንዲት ሴት ብቻ ሆና አገኘቻት። እሷም አቺየንግ ነበረች፤ በእሳቸው ቤት ልብስ ሰፊ የነበረች ኬንያዊት፣ የሉኦ ብሔረሰብ ሴት።

ምን ትጫወቱ ነበር ብዬ ጠየቅኳት።

«ሥራ አገኘሽ ወይ ይሉኝ ነበር» አለችኝ። «ሌላ ወሬ የለንም።»

ማታቱው መጥቶ ሄደ። ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ከዚያ አንድ ደንበኛ ጠራትና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

እኔ ጋሽ መርዕድን ያወቅኳቸው ተከራያቸው ሆኜ ነው። ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነበራቸው። ከፊት ያሉትን ክፍሎች ያከራያሉ፤ በአንዷ ውስጥ እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ከጓሮ ያለው ረጅም አዳራሽ የራሳቸው የልብስ ስፌት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋበታል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ግድግዳዬን አልፎ ይመጣል፤ ደንበኞቼ ዝናብ መጣ እንዴ ብለው ወደ ውጭ ያያሉ።

ወደ ናይሮቢ የመጡት በጉብዝናቸው ነው። መጀመሪያ ኢስትሊ ሰፈር፣ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሶማሌ ልብስ ሰፊዎች ጋር አንዲት መኪና እየተፈራረቁ ሲሰፉ ኖሩ። ቤቱን በሊዝ የያዙት ሁርሊንግሃም ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር በነበረበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ሚስታቸው የሞቱትም እዚያው ቤት ነው፤ ልጃቸው ተምራ፣ አግብታ፣ አዲስ አበባ ገባች። እሳቸው ከመኪኖቹና ከሴቶቹ ጋር ቀሩ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነበሩ። ሰው ሲያነጋግሩ እጃቸው አያርፍም። ልብስህ ላይ ክር ካዩ ነቅለው ያነሳሉ፤ ኮሌታህ ከተጣጠፈ ያቃናሉ። ቄስ ይሁን ፖሊስ አይመርጡም። አንድ ጊዜ መታወቂያ ሊጠይቃቸው ያቆማቸውን ፖሊስ ኮሌታውን አስተካክለውለት፣ ሰውየው ስቆ ለቀቃቸው። ሠራተኞቻቸው ፉንዲ ነበር የሚሏቸው፤ ባለ እጅ እንደማለት ነው። አለቃ ወይም ቦስ ሲሏቸው ደስ አይላቸውም ነበር።

ጠማማ ስፌት ሲያዩ አይቆጡም። ጨርቁን ወደ ብርሃን ያነሱና «ፍቺው» ይላሉ በለሆሳስ። ልጅቷ ትፈታለች፣ እንደገና ትሰፋለች፤ እንደገና ከጠመመም «ፍቺው» ነው። ለማጅ ሆና መጥታ ስትፈታ የዋለች፣ ስታለቅስ ያደረች ብዙ ናት። ያባረሯት ግን አንዲትም አላውቅም። ረፋድ ላይ ወተት የበዛበት ሻይ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ይመጣል። የሚቀዱት እሳቸው ናቸው፤ ሁሉም ከመኪናው ተነስቶ ውጭ ቆሞ ይጠጣል። መኪናው አጠገብ ኩባያ ይዞ የተገኘ ሰው ካለ «ጨርቅ ሻይ አይጠጣም» ይሉታል።

ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ሥራ ይቀዘቅዛል። ሌሎች ልብስ ሰፊዎች በዚያ ወቅት ሠራተኛ ያሰናብታሉ። ጋሽ መርዕድ ግን ጠዋት ጃኬታቸውን ለብሰው ይወጡና በየክሊኒኩ፣ በየሆቴሉ እየዞሩ የመጋረጃና የሽርጥ ሥራ ይለምናሉ። መለመን ነው የምለው፤ ሌላ ስም የለውም። ሲመለሱ የያዙት ሥራ ትርፍ እንደሌለው እሳቸውም ያውቁታል። «ሰው ቁጭ ካለ እጁ ይረሳል» ይሉ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ተለወጠ። በግራም በቀኝም ፎቅ በቀለ። መሬቱ ሲወደድ ከተማው የሚጠይቀው የንብረት ግብርም አብሮ ወጣ፤ እኛ እዚህ በእንግሊዝኛው ሬትስ እንለዋለን። ሬትስ የሚታሰበው በመሬቱ ዋጋ እንጂ በምታገኘው ገቢ አይደለም። ቦታህ ላይ ረጅም ፎቅ አቁም፣ ዩኒፎርም ስፋ፣ ለእሱ ያው ነው። ፎቅ ያቆመው ከተከራዮቹ ያወጣዋል። ጋሽ መርዕድ የሚያወጡት ከየት ነው? ወላጆች ለአንድ የልጅ ሱሪ የሚከፍሉት መሬት ስለተወደደ አይጨምርም።

አንድ ዓመት ቻሉት፤ በሚቀጥለው አልቻሉም። ከሴቶቹ እኩሌታውን ያሰናበቱበት ቀን በር ላይ ቆመው እያንዳንዷን በእጃቸው ጨብጠው፣ ወዴት ትሄጃለሽ ብለው እየጠየቁ ሸኙ። አብዛኞቹ ካዋንግዋሬ፣ የድሆች ሰፈር፣ ነበር የሚኖሩት፤ በእግራቸው መጥተው በእግራቸው የሚመለሱ። አቺየንግም ከተሰናበቱት አንዷ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ መርዕድ ምሳ መብላት ተዉ። ስጠይቃቸው ጨጓራዬ ነው ይሉኛል።

ሬትሱ የከበደው በእሳቸው ብቻ አልነበረም። በዚያው መንገድ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰሎሞን የሚባል የእኛው አገር ልጅ ነበር፤ ምዋንጊ የሚባል የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴም ነበር፤ ሌሎችም የንግድ ቤት ባለቤቶች ነበሩ። ሰሎሞን ነው ሁሉንም ያሰባሰባቸው። አንደበቱ የተባ ሰው ነው። አሳቡም መጥፎ አልነበረም፦ ከተማው የንግድ ቤቶችን ግብር ይቀንስልን፤ እኛ ደግሞ በተረፈን ገንዘብ የአካባቢውን ሰው እንቅጠር።

በከተማው ምክር ቤት የአካባቢያችን ተመራጭ የነበረችው ሴት ስብሰባ ጠራች። ሁላችንም ማዳም ነበር የምንላት። በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው የተሰበሰብነው። እኔም እንደ ተከራይ ሄጄ ነበር። ማዳም ሁሉንም እስኪጨርሱ ሰማችና፣ ከዚህ መንገድ ሳይሰበሰብ የሚቀረው ገንዘብ የመንገድ መብራትና የጤና ጣቢያ ገንዘብ መሆኑን እንድናውቅ ነገረችን። ከዚያ «ያተረፋችሁትን ለደመወዝ እንደምታውሉት ማን ዋስ ይሆነኛል?» ብላ ጠየቀች።

ሰሎሞን አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን አስተካከለ። ጋሽ መርዕድ ከኋላ ተነሱ።

«እኔ» አሉ።

«ለራስዎ ነው ለሁሉም?»

ጋሽ መርዕድ ዞር ብለው ባለቤቶቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ምዋንጊ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሰሎሞን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ለሁላችንም» አሉ።

ሰሎሞን ነው መጀመሪያ ያጨበጨበው።

ግብሩ ለሁለት ዓመት ለሙከራ ተቀነሰ፤ ለዚያ መንገድ የንግድ ቤቶች በሙሉ። ጋሽ መርዕድ በዚያው ሳምንት ካዋንግዋሬ በእግራቸው ሄዱ። የተሰናበቱትን በየቤታቸው አንኳኩተው መለሷቸው። አቺየንግን የለማጆች ኃላፊ አደረጓትና አዳዲስ ልጃገረዶች ቀጠሩ። እስከዚያ ድረስ መጋዘን የነበረው ክፍል ሳይቀር በመኪና ተሞላ። የእኔንም ኪራይ ቀነሱልኝ። ለምን ስላቸው ግብሩ የተቀነሰው ለቤቱ እንጂ ለእሳቸው እንዳልሆነ፣ እኔም ቤቱ ውስጥ እንዳለሁ ነገሩኝ። ለአንድ ሰሞን ምሳ ሲበሉ አየኋቸው።

ሌሎቹ ግን አልቀጠሩም። ምዋንጊ ሱቁን ለሁለት ከፍሎ አከራየ፤ ሠራተኛው ያው የወንድሙ ልጅ ነው። ሰሎሞን መታጠቢያ ቤቶቹን አሳደሰ፤ ከዚያ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚከፈት የብረት በር አስገጠመና ሁለቱን ዘበኞቹን አሰናበተ። ጋሽ መርዕድ ያን በር ሲያዩ ብዙ ቆሙ።

ባለቤቶቹን በየጊዜው ይጎበኙ ጀመር። መጀመሪያ በጨዋታ፣ ሻይ እየጠጡ ነበር። እያደር ግን ሰዎቹ እሳቸው ሲመጡ ሲያዩ የሉም ያስብላሉ። አንድ ቀን ሰሎሞን ኮፒ የሚያስነሳውን ወረቀት ይዞ ሱቄ ቆሞ ሳለ አገኙት። ቃላችን ምን ሆነ አሉት። እሱም አልተቆጣም።

«ጋሼ፣ ግብሩ ሲቀነስ ገና አሁን ነው የተነፈስኩት» አለ። «የባንክ ዕዳ አንገቴ ድረስ ነበር። ሰው ከመቅጠሬ በፊት ልተንፍስ።»

«ተንፍስ፣ ልጄ» አሉት። «ለትንፋሽህም ዋሱ እኔ ነኝ።»

ሰሎሞን ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከትከሻው ላይ ክር አንስተውለት ሄዱ።

ሁለቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል ማዳም እንደገና ስብሰባ ጠራች፤ ከስብሰባው በፊትም በየቤቱ ዞራ ታያለች ተባለ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሰሎሞንና ምዋንጊ ወደ ስፌቱ አዳራሽ መጡ። እኔ ለሠራተኞቹ የሻይ ስኳር ላደርስ ገብቼ ነበርና የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ለነገ ከሴቶቹ የተወሰኑትን እንዲያውሷቸው ነው የጠየቁት። አንዳንዷ ሰሎሞን ዘንድ ሽርጥ ታስራ፣ አንዳንዷ ምዋንጊ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ሆና ትታያለች፤ ስብሰባው ላይ ደግሞ ጋሽ መርዕድ «ሁሉም ቀጥረዋል» ይላሉ። ምዋንጊ የሚጎዳ ሰው እንደሌለ ደጋግሞ ተናገረ፤ ግብሩ ከተመለሰ መጀመሪያ የሚዘጋው የእሳቸው ቤት መሆኑንም አስታወሳቸው። ይሄ እውነት ነበር።

ጋሽ መርዕድ እስከ በር ሸኟቸው። ሰዎቹ ሲወጡ አዳራሹ ውስጥ የሚሠራ መኪና አልነበረም። አቺየንግ ከወንበሯ ተነሳች።

«ፉንዲ፣ እኔ ሰሎሞን ቤት እቆማለሁ» አለች። «ልጆቼ ትምህርት ቤት የገቡት በዚህ ሥራ ነው። አንድ ቀን ብንዋሽ ማን ይሞታል?»

ሌሎቹም እንቆማለን አሉ። ጋሽ መርዕድ ሁሉንም አዩና «ሥሩ» ብለው ወደ ውጭ ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። እኔም በልቤ ከአቺየንግ ጋር ነበርኩ፤ ዛሬም ቢሆን አፌን ሞልቼ ተሳስታለች አልልም። ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። እጃቸው የራሳቸውን እጅጌ ክር ሲነቅል ነበር።

«ሴትዮዋ ቃሌን የተቀበለችው ዓይን ዓይኔን እያየች ነው፣ ሰብልዬ» አሉኝ።

በማግስቱ ከሴቶቹ አንዲትም ወደ ሌላ ቤት አልሄደችም። ማዳም ዞራ አየች፤ ከዚያ አዳራሽ ገባን። ሰሎሞን ተነስቶ ስለ ገበያው መቀዛቀዝ፣ ስለ ዕዳው፣ ቅጥሩም በመንገድ ላይ ስለመሆኑ አሳምሮ ተናገረ። ማዳም ስትሰማ ቆይታ ጋሽ መርዕድን ጠራቻቸው።

«ዋሱ እርስዎ ነበሩ። ቀጥረዋል?»

«እኔ ቀጥሬያለሁ፤ አይተሻል» አሉ።

«ስለ ራስዎ አልጠየቅኩም። ያን ጊዜ ለሁላችንም ነው ያሉኝ።»

«ብያለሁ።»

ሰሎሞን ከኋላ ሆኖ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ በእናትዎ» ሲል ሰማሁት። ጋሽ መርዕድም ሰምተውታል። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ገለጡ።

«አልቀጠሩም» አሉ።

ከዚያ ለመኑ። መጋረጃ ሲለምኑ አይቻቸው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልነበረም። ቅናሹ ለቀጠረ ሰው ብቻ ይቀጥል፣ ያልቀጠረ ይክፈል፣ የሴቶቹን እንጀራ አትቁረጪ አሏት። ማዳም አዘነች፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ውሳኔው ለመንገዱ በሙሉ እንጂ ለአንድ ቤት እንዳልተሰጠ፣ አሳቡን ግን ለምክር ቤቱ እንደምታቀርብ ነገረቻቸው። አቅርባው እንደሆነ አላውቅም። ግብሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማውራት ይከብደኛል። ቅዳሴ ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ መጨዋወት ልማዳችን ነው። ጋሽ መርዕድ ሲጠጉ ክቡ ይበተናል። አንዱ የወገኑን ገበና ለባዕድ የሸጠ ይላቸዋል፤ ሌላው ለስሙ ሲል የድሆቹን እንጀራ ያቃጠለ ይላል። ተቃራኒ ወሬዎች ነበሩ፤ ግን ሁለቱም እሳቸው ላይ አረፉ። ውሎ አድሮ ኪዳን ብቻ አድርሰው ሰው ሳይበዛ መውጣት ጀመሩ።

እስከሚቀጥለው የትምህርት መክፈቻ እንደምንም ቆዩ። ከዚያ ሁሉንም ለማሰናበት ተገደዱ። በዚያ ቀን አቺየንግ በሁሉም ፊት «እውነቱን የተናገሩት በእኔ ልጆች ምሳ ነው» አለቻቸው።

«ልክ ነሽ» አሏት።

ይከራከሩኛል ብላ ጠብቃ ነበር መሰለኝ። ፊቷን አዙራ ወጣች። ከዚያ በኋላ፣ አገር ቤት እስኪገቡ ድረስ፣ አታነጋግራቸውም ነበር።

ቤቱን ፎቅ ለሚሠሩ ሰዎች አስረከቡ። የስፌት መኪኖቹን ለሴቶቹ አደሉ፤ የአቺየንግን ጎረቤቷ መጥታ ወሰደችላት። ግን መኪና ብቻውን ምን ያደርጋል? ለማስቀመጫ የሚበቃ ቤት ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ወር ሳይሞላ ጊኮምባ ገበያ ወስደው ሸጡት፤ አቺየንግም ሸጠችው። በዚያው ገንዘብ ነው የሰልባጅ ንግዷን የጀመረችው።

እኔ ኪሊማኒ ሌላ ክፍል ተከራየሁ። ጋሽ መርዕድ ወደ አገር ቤት ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሊሰናበቱኝ መጡ። ጃኬታቸው ሰፍቷቸው ነበር። ወንበር ስሰጣቸው ተቀመጡ፤ ሱቄ ውስጥ ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ይጸጸቱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም ይሆናል።

«አልቀጠሩም ማለቴ አይጸጽተኝም» አሉኝ። «የሚጸጽተኝ ለሁላችንም ያልኩት ነው። ለእኔ ብቻ ብላት ኖሮ፣ ምናልባት ለእኔ ብቻ ትሰጠኝ ነበር። ልጆቹ ዛሬም ይሰፉ ነበር።»

ሰው ወገኑን አምኖ በተናገረው ቃል እንዴት ይጸጸታል ልላቸው ፈለግኩ፤ ግን እሳቸው እየተጸጸቱ ነበር።

ቤቱ የነበረበትን ሊያዩ ፈለጉ። በእግር ሄድን። ቤቱ የለም፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ውስጡ ጥልቅ ጉድጓድ ሆኗል። ጉድጓዱን ብዙም አላዩትም። በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ሰላም ብለው ሠራተኛ ትቀጥራላችሁ ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውየው ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች ቃኘ። ለእኔ አይደለም አሉት፤ ጎበዝ ሴት አለች፣ ሠራተኛ ማስተዳደር ትችላለች፣ ታማኝ ናት። ዘበኛው ሰኞ ጠዋት መጥታ ፎርማኑን ትጠይቅ አላቸው። አመሰገኑት፤ የደንብ ልብሱንም ኮሌታ አቃኑለት።

ስንመለስ «ለአቺየንግ ንገሪያት» አሉኝ። «እኔ ብደውል አታነሳውም።»

እሑድ ሄዱ። እኔ በዚያው ቀን ለአቺየንግ ነገርኳት። የምትሄድ አልመሰለኝም ነበር። ሰኞ ግን ልብሷን ለእህቷ አስጠብቃ፣ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ በጠዋት ሄደች። ዘበኛው ሌላ ተረኛ ነበር። ፎርማኑ ለሴት የሚሆን ሥራ የለም አላት። ማን ላከሽ ሲሏት ፉንዲ ነው የላከኝ አለቻቸው። ሕንፃ በሚሠራበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ግንበኛውም፣ አናጢውም፣ ብረት አሳሪውም ፉንዲ ነው።

«የትኛው ፉንዲ?» አሏት።